የቤዝ ሰዓት

ይቺን ታሪክ ሳላወራት ብውል ታንቀኛለች። ሬዲዮ የምትወዱም የማትወዱም ጠጋ በሉና ስሙኝ። ስለ ነጂብ ነው። እዚህ ጋምቤላ ገበያው አጠገብ፣ ከይሪያ ሱቅ ውስጥ፣ ከዱቄት ጆንያው ጎን ዝም ብሎ የሚቀመጠው ሰውዬ።

ነጂብ ከወሎ የመጣው በሰባ ሰባቱ ድርቅ፣ የአራት ዓመት ልጅ ሆኖ፣ ከሰፋሪዎቹ ጋር ነው። ትምህርቱን ስምንተኛ ላይ አቋረጠ። ድምፁ ግን፣ ኧረ ድምፁ! ጥርት ያለ፣ የማይቸኩል። በዚያ ድምፅ አንድ የእርዳታ ድርጅት መጋዘን ውስጥ አስራ ስድስት ዓመት ሬዲዮ ኦፕሬተር ሆኖ ሠራ። ነጂብ መባሉም ቀረና በዋናው ጣቢያ የሬዲዮ ስም «ቤዝ» ተባለ። ወደ ትየርኪዲ የስደተኞች ካምፕ የሚሄደው መኪና፣ ከጀዊ ካምፕ የሚመለሰው፣ ጭቃ የዋጠው፣ ጎማ የፈነዳበት፣ ሁሉም የሚጠራው እሱን ነው። ጠዋት ጠዋት መኪኖቹን በየተራ ይጠራና መጨረሻ ላይ «ሰዓታችሁን በቤዝ ሰዓት አስተካክሉ» ይላል። የሾፌሩ ሰዓት ከቤዝ ሰዓት ከተለየ የተሳሳተው ሾፌሩ ነው። በቃ፣ ሕግ ነበር።

ከዛ ከባድ ወባ ጣለው። መድኃኒቱ ይሁን ትኩሳቱ ማንም አልነገረውም፣ ብቻ ከሆስፒታል ሲወጣ ቀኝ ጆሮው ጨርሶ ጠፍቷል። በግራው ሰው ተጠግቶ ከጮኸ ነው ትንሽ የሚሰማው፣ እሱም ውሃ ውስጥ ሆኖ እንደሚሰማ ሰው። የማይሰማ ሬዲዮ ኦፕሬተር ማን ይፈልጋል? ቤቱ ገባ። አራት ዓመት እንዲህ አለፈ። ሱቁን የምታንቀሳቅሰው ሚስቱ ከይሪያ ናት። ደንበኛ ሲስቅ ነጂብ በእሱ የተሳቀ ይመስለዋል። አንድ ቀን ምሳ አቅርባለት እጁን እንኳን ሳይሰድ፣ «ከይሪያ፣ እኔ እኮ የዛን ጊዜ ሞቻለሁ፤ መቅበሩን ረስታችሁት ነው» አላት።

ታዲያ አንድ ማክሰኞ ኦቻን ቦርሳ አንግቶ መጣ። ኦቻን አኙዋ ነው፣ የድሮ ሾፌር፣ በሬዲዮ ስሙ «ሞባይል ሁለት»። አንድ ክረምት በኢታንግ መንገድ ጎርፍ መሀል መኪናው ቆሞበት፣ ሰው እስኪደርስለት ስድስት ሰዓት ሙሉ ያናገረው ነጂብ ነበር። ያንን አልረሳም። በኋላ ኤሌክትሮኒክስ ተማረ፣ አዲስ አበባ ከአማተር ሬዲዮ ሰዎች፣ ከየቤታቸው በሬዲዮ ከዓለም ጋር ለደስታ ከሚያወሩት ጋር ተዋወቀ፣ ፈቃድም አወጣ። አሁን ሥራው ወደ ሌላ አገር አዛውሮታል። እሁድ በአውሮፕላን ይሄዳል፣ ላይመለስ።

የነጂብ ግራ ጆሮ ላይ ተለጥፎ ጮኸ።

«ቤዝ! ዲጂታል የሚባል ነገር አለ! በጆሮ አይደለም! በዓይን ነው!»

«ምን?»

«በዓይን! ኮምፒውተሩ ይሰማልሃል፣ አንተ ታነባለህ!»

«ኧረ ኦቻን፣ ደንበኛ አባረርክብኝ!» አለች ከይሪያ። «ጋምቤላ በሙሉ ሰማህ እኮ።»

«እሱ ካልሰማ እነሱ ይስሙ!»

ነገሩ እንዲህ ነው፣ እኔ እንደገባኝ። ሬዲዮውን ከላፕቶፕ ጋር ታገናኛላችሁ። ዓለም ላይ ያለው ሁሉ አጭር አጭር ጽሑፍ በየአስራ አምስት ሰከንዱ ይልካል፤ አንዱ ሲልክ ሌላው ያዳምጣል፣ ከዛ ይቀያየራሉ። ኤፍቲ ኤይት ይሉታል። ድምፁ ስክሪኑ ላይ እንደ ፏፏቴ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፣ በቢጫ ጭረት። ኮምፒውተሩ ጭረቱን ወደ ጽሑፍ ይቀይርላችኋል። በጣም ደካማ፣ ጆሮ የማይለየውን ድምፅ ሳይቀር።

ነጂብ ገባው። አንድ ሰው። አንድ ሰው ብቻ ቢመልስለት! ከእሁድ በፊት መሆን አለበት ግን። ሬዲዮው የኦቻን ነው፣ ፈቃዱም የኦቻን፤ ኦቻን አጠገቡ ካልተቀመጠ መንካትም አይቻልም።

ሽቦውን ከሱቁ ቆርቆሮ እስከ ጎረቤት ማንጎ ወጠሩት። ሬዲዮው በመኪና ባትሪ ተነሳ። ላፕቶፑ ግን አሮጌ ነው፣ ባትሪ አይዝም፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ይሞታል፣ ሲነሳም ሰዓትና ቀኑን እንደ አዲስ ይጠይቃል። ኢንተርኔት ቢኖር ራሱ ያስተካክል ነበር፤ የዛን ሳምንት ደግሞ ኢንተርኔት የለም።

«ቤዝ፣ ሰዓት!» ይጮኻል ኦቻን።

ነጂብ ክንዱን ይዘረጋል፣ ኦቻን ከእጅ ሰዓቱ እያየ ይሞላል። ኪሱ ውስጥ ስልክ አለው እኮ! ግን ቤዝ እያለ ማን ስልክ ያያል? ነጂብም ቀና የሚለው ያኔ ብቻ ነበር።

ጭረት መጣ። ብዙ ጭረት! ጽሑፍ ግን የለም። አንድ ፊደል እንኳን። ረቡዕ የለም። ሐሙስ ሽቦውን አሳጠሩ፣ የለም። ዓርብ ከጁምዓ መልስ ገመዱን ቀየሩ፣ ድምፁን ከፍ ዝቅ አደረጉ፣ የለም። ነጂብ መብላት ተወ። ጭረቱን ያያል፣ ያያል። ዓለም ሙሉ አፍንጫው ሥር እያወራ ነው፣ እሱ ግን እዚህም እንደገና ደንቆሮ ነው።

«ያ ረቢ፣ በዓይኔም?» አለ። ከይሪያ ሰምታ ፊቷን አዞረች።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኦቻን፣ «ሬዲዮው ሳይበላሽ አይቀርም፣ ይቅርታ ቤዝ» ብሎ መነቃቀል ጀመረ። ነጂብ እጁን ያዘው። አንድ ነገር አይቶ ነበር። በየአስራ አምስት ሰከንዱ መጀመሪያ ኮምፒውተሩ ስክሪኑ ላይ ቀጭን መስመር ያሰምራል። ጭረቶቹ ከመስመሩ እኩል መነሳት ነበረባቸው። እነሱ ግን መስመሩ ካለፈ በኋላ፣ መሀል ላይ ነው የሚነሱት። አንዱ አይደለም፣ ሁሉም። ሶላት ላይ አንድ ሰው ቢዘገይ የዘገየው እሱ ነው። ሰፉ፣ የሰጋጁ ሰልፍ በሙሉ፣ እኩል ከዘገየ ግን የቸኮለው ኢማሙ ነው።

ኢማሙ ማን እንደሆነ ሲገባው ክንዱ ላይ ያሰረውን ሰዓት አየ። ዝም ቢል ማንም አያውቅም። ሬዲዮው ተበላሽቷል ይባላል፣ ኦቻን ይሄዳል፣ ቤዝ እስከ መቃብሩ ቤዝ ሆኖ ይቀራል።

«ኦቻን። ቤዝ ተሳስቷል።»

«ምን ላይ?» አለ ኦቻን ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ።

«ሰዓቱ። ቸኩሏል። በሰከንድ ነው፣ ግን ቸኩሏል።»

ኦቻን ሊስቅ ነበር፣ ፊቱን ሲያየው ተወው። «ቤዝ፣ እኔ ነኝ ጥፋተኛው። አዲስ አበባ ኮምፒውተሩ ራሱ ነበር የሚያስተካክለው፣ ሰከንድ ትዝም አላለኝ።»

«ስንት ዓመት ሾፌር ቀጣሁ በዚህ ሰዓት?» አለ ነጂብ፣ ለራሱ ነው የሚያወራው። ከእጁ ፈትቶ ኪሱ ከተተው።

ኦቻን የላፕቶፑን ሰዓት በአስራ አምስት ሰከንዱ መጀመሪያ ላይ አዘጋጅቶ ጣቱን ቁልፉ ላይ አኖረ። ነጂብ ጭረቱን እየጠበቀ፣ ብቅ ሲል፣ «አሁን!» አለ። ኦቻን ተጫነ። አስራ አምስት ሰከንድ ጠበቁ። ጽሑፉ ተንጋጋ! ጣሊያን፣ ኬንያ፣ ህንድ፣ ሩሲያ፣ በአንድ ጊዜ አስራ ምናምን መስመር። ነጂብ ጮክ ብሎ አነበበው፣ አንድ በአንድ፣ በዚያ በድሮ ድምፁ። ከይሪያ ስኳር መመዘኑን አቁማ መጣች። «ልክ መጋዘን እንዳለህ ነው የምታነበው» ብላ በጆሮው ስትነግረው መብራት ጠፋ።

መብራቱ ሌሊቱን በሙሉ ሳይመጣ አደረ።

እሁድ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ መጣ። ኦቻንን ወደ አውሮፕላን ማረፊያው የሚወስደው መኪና አራት ከአርባ ይደርሳል። ሰዓቱን እንደ ትናንቱ አስተካከሉና በኦቻን የጥሪ ስም፣ ፈቃዱ ላይ ባለው መለያ፣ መጥራት ጀመሩ፦ ማንም ሰው፣ ማንም ሰው፣ ኢትዮጵያ ነኝ። መልስ የለም። ሃያ ጊዜ፣ ሠላሳ ጊዜ፣ ስልሳ ጊዜ። ነጂብ ዓይኑን አይነቅልም። ኦቻን ልብሱን አጥፎ ቦርሳው ውስጥ እየከተተ በጎን ያያል። አራት ከሠላሳ አምስት ላይ ቀይ መስመር ወጣ።

የኦቻን የጥሪ ስም። ከጎኑ የሌላ ሰው የጥሪ ስም። ህንድ።

«መለሰ!» ነጂብ ተነስቶ ወንበሩ ወደቀ። ኮምፒውተሩ ሰውዬው ምን ያህል ጎልቶ እንደተሰማ የሚናገር ቁጥር ላከ። ሰውዬው የራሱን ቁጥር መለሰ፦ ከዜሮ በታች አስራ ስምንት። የቀረችው ከነጂብ በኩል አንዲት ቃል ናት፣ «ደርሶኛል፣ በሰላም» የምትል። ኮምፒውተሩ እሷን ሊልክ ሲል ስክሪኑ ጠቆረ። መብራት።

ውጪ መኪናው ደረሰና ክላክስ አደረገ። ነጂብ አልሰማውም፣ የኦቻንን ፊት ነው ያየው።

«ግንኙነቱ ተቆጥሯል?»

ኦቻን መዋሸት ይችል ነበር። ጆሮው ላይ ጎንበስ አለና፣ «አልተቆጠረም ቤዝ። የመጨረሻዋ ቃል አልሄደችም» አለው።

«አስር ደቂቃ ብቻ። ይመጣል መብራቱ።»

«አውሮፕላኑ አይጠብቀኝም።»

«አምስት።»

ኦቻን ገመዱን ነቅሎ ጠቀለለ፣ ሬዲዮውን በሸሚዙ ጠቅልሎ ቦርሳ ውስጥ አስገባ፣ ነጂብን አቅፎት ብዙ ቆመና ሄደ። መብራቱ የመጣው እሱ ከሄደ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ነው።

ከይሪያ በግራ ጆሮው በኩል ጆንያው ላይ ተቀመጠች።

«ማን ነበር ሰውዬው?»

«አላውቀውም። ህንድ ነው።»

«ምን አለህ ታዲያ?»

«ከዜሮ በታች አስራ ስምንት።»

«እሱ ጥሩ ነው መጥፎ?»

«ደካማ ነው። ግን ሰምቶኛል።»

ልትስቅ ብላ አልሆነላትም፣ እሱ እያለቀሰ ነበር። «ከይሪያ፣ እያናገረኝ እኮ ነበር። መሀል ላይ ጥዬው ጠፋሁ። አስራ ስድስት ዓመት ሙሉ ጠርቶኝ ሳልመልስለት የቀረ ሰው የለም። አሁን ያ ሰውዬ ምን ይለኛል?»

ሰኞም ጠየቃት። እስካሁን ሲጠይቃት ነው የሚውለው።

በዲጂታል የጀመራችሁ ወይም ልትጀምሩ ሞክራችሁ ያቃታችሁ፣ እናንተስ? የመጀመሪያ ጥሪያችሁን ማን መለሰላችሁ? ወይስ መሀል ላይ ተቋርጦባችሁ እስከ ዛሬ የምታስቡት ሰው አለ?