የሽፈራው ተራ በኤሊጄይ

ሽፈራው ኮሌጅ ፓርክ ከሚገኝ አንድ ሆቴል ወደ ኤርፖርት ሰው በማመላለስ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቷል። የሚነዳው ሻትል አሥራ አራት ሰው ይይዛል። አሥራ አምስተኛው ተሳፋሪ ምንም ያህል ቢለማመጠው «በሚቀጥለው» ይለውና በሩን ይዘጋል። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ባለፈው ጥቅምት የሆነውን ስትሰሙ ሕግ የሚንቅ ሰው እንዳይመስላችሁ ነው።

የኪዳነምሕረት ጽዋ ማኅበራችን አሥራ ሁለት ቤተሰብ ነው። በየወሩ አንዳችን ቤት እንሰበሰባለን፤ ቄሱ ዳቦውን ይባርካሉ፣ ጽዋው ይዞራል፣ በመጨረሻም ባለተራው ጽዋውን ለቀጣዩ ያስረክባል። ጥቅምት የሽፈራውና የሚስቱ የሐረገወይን ወር ነበር። አቮንዴል እስቴትስ የነበረው ቤታቸው ዛሬም ሲታወሰኝ በመጀመሪያ የሚመጣብኝ በሩ ነው። ሐረገወይን በሩን ከፍታ ትቆምና የመጣውን ሁሉ በስሙ እየጠራች ታስገባ ነበር። እኔ ሁልጊዜ እንዳረፈድኩ ነው፤ አንድም ቀን አርፍደሃል አላለችኝም።

ባለፈው መጋቢት ዐረፈች። ሽፈራው ቤቱን ሸጦ እኔ ወደምኖርበት ወደ ቻምብሊ መጣና ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት ተከራየ። ሶፋው ሁለት ሰው ያስቀምጣል፤ ሦስተኛው እንግዳ አልጋ ላይ ነው።

መስከረም ላይ ስንሰበሰብ እትዬ አሰፋሽ የሽፈራውን ነገር አነሱ። የማኅበሩ መሪ በወጉ ሙሴ ይባላል፤ እሳቸውም ሴት ቢሆኑ ሙሴያችን ናቸው። የጥቅምቱን በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ እናድርገው፣ ሽፈራው ይረፍ፣ ሐዘኑም ይውጣለት አሉ። ሁላችንም ተስማማን። እኔም እጄን አውጥቻለሁ። እትዬ አሰፋሽ የተራ ደብተሩን ገልጠው ስሙን በእርሳስ ሰረዙት።

ሽፈራው ቆቡን በእጁ ሲያዞር ቆየ። «ሐረግ ሞተች እንጂ ቤት የለኝም አላልኩም» አለ። «ጽዋው ቤቴን ዘሎ አያልፍም።»

ወደ ቻምብሊ የተመለስነው በእሱ መኪና ነው። መብራት ላይ ቆመን ሳለ፣ አንዴ የታለፈ ሰው ምግብ የሚወሰድለት ሰው ሆኖ ይቀራል፣ ከዚያ ወዲያ ማንም እሱ ቤት ገብቶ አይበላም አለኝ። እጄን ማውጣቴን አይቷል፤ ግን አላነሳብኝም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ቤት ማግኘቱን ነገረን። ቤቱ አርቪ ነበር፤ አልጋውም ምድጃውም ገላ መታጠቢያውም ውስጡ ያለ፣ ቁመቱ አውቶቡስ የሚያህል መኪና። ለሦስት ቀን ተከራይቶ፣ በፖም እርሻዋ ከምትታወቀው ከትንሿ የተራራ ከተማ ከኤሊጄይ አጠገብ፣ ሐይቅ ያለው ካምፕ ውስጥ ሊያቆመው ነው። ቦታውን ኦንላይን ሪዘርቭ ያደረገችለት ልጁ ማሂ ነበረች። ቅጹ ስንት ሰው እንደሚሆኑ ሲጠይቅ «ሁለት በይ፤ አንቺና እኔ» አላት።

«ባባ፣ እንግዶቹስ? ሲክስ ፒፕል ማክሲመም ነው የሚለው፤ ላይክ፣ በአንድ ሳይት።»

«እሱ ለሚያድር ነው። እንግዳ ደግሞ አይቆጠርም።»

እውነቱን ነው፤ በእኛ ቤት እንግዳ አይቆጠርም። ስንት ሰው ይመጣል ብሎ መጠየቅ ራሱ ቆንቋና ያሰኛል።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ በዘጠኝ መኪና ሃያ አራት ሰው ሆነን ደረስን፤ ሴቶቹ ነጭ ለብሰዋል። ዛፉ ሁሉ ቢጫና ቀይ ሆኗል። ሽፈራው ከረባት አስሮ የአርቪውን በር ከፍቶ ቆሟል፤ የመጣውን ሁሉ በስሙ እየጠራ ያስገባል። ገና አምስተኛው ሰው ደረጃውን ሳይረግጥ የካምፑ ኃላፊ፣ ዶና የሚሏት ሸምገል ያለች ሴት፣ በጎልፍ መኪና መጣችና በጣቷ ትቆጥረን ጀመር። እትዬ አሰፋሽ ፊታቸውን አዙረው፣ ሰው እንደ በግ በጣት ይቆጠራል እንዴ ብለው አጉረመረሙ።

ዶና አልተቆጣችም፤ ግን አልለሰለሰችም። በአንድ ቦታ ስድስት ሰው፣ ሁለት መኪና። ሌላው ታች ሐይቁ ዳር መኪናውን አቁሞ እንደ ልቡ መዋል ይችላል። ይህን ብላ ሄደች።

«እንግዲያው ሐይቁ ዳር ወርደን እንብላው» አሉ እትዬ አሰፋሽ። «ጥሩ ሣር አለው።»

ሽፈራው ከበሩ አልተነቃነቀም። እጁ አሁንም የበሩን መያዣ እንደያዘ ነው። ዳቦውን አርብ ማታ ራሱ ነው የጋገረው፤ ብርዙንም የበጠበጠው እሱ ነው። ያን ጊዜ መስከረም ላይ ያወጣኋት እጄ ከበደችኝ።

«ሐይቁ ቤቴ ነው እንዴ፣ እትዬ?» አለ በመጨረሻ። ከዚያ ወደኛ ዞሮ በዓይኑ መጥኖን፣ ሥራ ላይ በሚናገርበት ድምፅ «አምስት አምስት ሆናችሁ ትገባላችሁ» አለ። «ከኔ ጋር ስድስት። ሌላው በሚቀጥለው።»

ማሂ ሐይቁ ዳር ሆና ሰው እየለየች ትልክ ጀመር። ቀሲስ እንድርያስ ከመጀመሪያዎቹ ጋር ገብተው ጸሎት አደረሱ፣ ዳቦውን ባረኩ፣ ቀምሰው ወረዱ። እኔ ሦስተኛው ዙር ላይ ደረሰኝ። ከጠባቧ ጠረጴዛ ዙሪያ ጉልበታችን እየተነካካ ተቀመጥን። ሥዕለ አድኅኖዋ ማይክሮዌቩ ላይ ቆማለች፤ ጽዋው ሐረገወይን በጠለፈችው ነጭ ጨርቅ ተሸፍኗል። ሽፈራው ጎንበስ ብሎ ሲቆርስልኝ «አላረፈድክም ዛሬ» አለኝ። ዳቦው ከሥሩ ትንሽ አርሯል። እያንዳንዱን ሰው እየጠየቀ፣ ስለ ልጁ፣ ስለ ሥራው፣ ስለ ወገብ ሕመሙ እየሰማ ያበላ ነበር። አዳራሽ ውስጥ ቢሆን ማንም ማንንም እንዲህ አይጠይቅም።

በአራተኛው ዙር ዶና ልትቆጥር ተመልሳ መጣች። ሽፈራው «ስድስት ነን» ቢላት አላመነችም፤ አንገቷን አስግጋ አየች። ሽፈራው በወረቀት ሳህን ዳቦ ዘረጋላት። ደረጃው ሥር እንደቆመች በላችው። አልገባችምና ሰባተኛ አልሆነችም።

እትዬ አሰፋሽ ሌላው ሁሉ ሳይስተናገድ አልገባም ብለው በመጨረሻው ዙር መጡ። የኅዳር ተራ የእኔ ነውና ጽዋውን ልረከብ ገብቼ ስለነበር እኔም አምስተኛ ሆኜ ተቀመጥኩ። እትዬ ቀምሰው ሲያበቁ ቀና ብለው አዩት።

«ቁጭ በል እንጂ፣ ከጠዋት ጀምሮ ቆመሃል።»

«ባለቤት ነኝ፣ እትዬ።»

«አውቃለሁ። ባለቤትም ይቀመጣል።»

ባዶ ቦታ አልነበረም። ሽፈራው የሾፌሩን ወንበር ወደ ውስጥ አዞረና መሪውን በጀርባው አድርጎ፣ ፊቱን ወደኛ መልሶ ተቀመጠ። ድርሻውን ዳቦ ሳይቸኩል በላ። ጽዋውን ከነጨርቁ አስረከበኝ።

እትዬ አሰፋሽ ደብተሩን ከቦርሳቸው አውጥተው እስክሪብቶ ጠየቁኝ። «ሽፈራውና ሐረገወይን» የሚለው በእርሳስ ተሰርዟል። ከሥሩ «ጥቅምት፦ ሽፈራው» ብለው ጻፉና እጃቸው ቆመ፤ ቀና ብለውም አላዩትም።

«እሱ ይበቃል፣ እትዬ» አለ ሽፈራው። «የዛሬውን ብቻዬን ነው ያደረግኩት።»

እትዬ አሰፋሽ ከስሙ በኋላ አራት ነጥብ አደረጉ።