የጃታኒ የራሱ ቃል

ጃታኒ አስተርጓሚ ነበር። ነጌሌ ውስጥ በመንግሥት ጽሕፈት ቤት አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ከሳሽንና ተከሳሽን፣ ሹምንና ባላገርን ሲያስማማ ኖሯል፤ ባይስማሙም ቢያንስ እንዲደማመጡ አድርጓል። ጣሊያን ለቆ ሲወጣ ገና ልጅ ነበር። አማርኛን የተማረው ከወታደር ሰፈር ነው፤ ስለዚህ ስድቡን ከሰላምታው ቀድሞ ነው ያወቀው። ኋላ ግን አንደበቱ ተገርቶ፣ ዳኛ ሲቆጣ ቁጣውን አለዝቦ፣ ባላገር ሲሳደብ ስድቡን ወደ ልመና ለውጦ የሚያቀርብ ሆነ። የከተማው ሰው ሲቀልድበት፣ ጃታኒ በቀን ሺህ ቃል ይናገራል፤ አንዱም የራሱ አይደለም ይለው ነበር። እሱም አብሮ ይስቃል። ምን ያድርግ፣ እውነት ነዋ።

በስልሳ አምስት ዓመተ ምሕረት ግን ሳቁ አለቀ። ዝናቡ ሁለት ወቅት ቀርቶ፣ ከአሬሮ ጀምሮ እስከ ሜጋ ያለው ቆላ ነደደ። ነጌሌ ገበያ ላይ የቆዳ ዋጋ ወርዶ ወርዶ የሚገዛው ጠፋ፤ ከብቱ ሁሉ በአንድ ጊዜ ቆዳ ሆኗልና። ይህን ሁሉም ያያል፤ የሚናገረው ግን አልነበረም። ለበላይ አካል የሚላከው ወረቀት፣ ሁኔታው መልካም ነው እያለ ይሄዳል። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ በሚባልበት ዘመን፣ ሰማዩ አልዘነበም ማለት ራሱ ክስ ይመስል ነበር።

እንዲህ ባለው ጊዜ ነው ጉግሳ የሚባል ወጣት ጋዜጠኛ ከአዲስ አበባ የመጣው። ለሬዲዮ ነው፤ በየአውራጃው እየዞረ የአካባቢውን ሰው ስለ ኑሮው ይጠይቃል፣ ድምፃቸውን በቴፕ ይቀዳል፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ይተላለፋል። የጽሕፈት ቤቱ ዋና ጸሐፊ ማክሰኞ ጠዋት ጃታኒን ጠርቶ አንድ የቦረና ሽማግሌ እንዲያቀርብና ራሱም እንዲያስተረጉም አዘዘው። አጭርና ጨዋ ሽማግሌ ይሁን አለ።

ጃታኒ አባ ዋሪዮን አመጣ። ሽማግሌው ከአሬሮ አምስት ቀን በእግራቸው ተጉዘው፣ አቤት ለማለት ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ሦስት ቀን የተቀመጡ ናቸው። በረንዳው ላይ ሊናገሩ ያሰቡትን ሁሉ ለጃታኒ ነገሩት። ከስልሳ ላሞቻቸው ዘጠኝ ቀርተዋል። የመንደራቸው ኤላ፣ የውሃ ጉድጓዱ፣ ጥልቅ ነው፤ ውሃውን ለማውጣት ዐሥራ ሁለት ጎልማሳ ከታች እስከ አፉ ተደርድሮ፣ እየዘፈነ ባልዲ ያቀባብላል። ዘንድሮ የሚዘፍን ጉልበት ያለው ሰው ስለጠፋ ውሃው ከታች እያለ ከብቱ ከላይ ይሞታል። እህል ቢላክልን ሰው ይበረታል፣ ሰው ከበረታ ኤላው ይቀዳል፤ ይኼን በል አሉት። ጃታኒም እሺ አባ፣ እላለሁ አለ።

ክፍሉ ውስጥ ሲገቡ ዋና ጸሐፊው ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው አስጠግቶ ተቀምጧል። ጉግሳ ማይክሮፎኑን አቀና። ለዚህ አገር የቀረው ቴፕ የጥቂት ደቂቃ መሆኑን ተናግሮ ጠየቀ፤ በአካባቢያችሁ የከብቱና የውሃው ሁኔታ እንዴት ነው?

አባ ዋሪዮ በትራቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው መለሱ፤ «ናጋ። ሎን ናጋ። ቢሻን ናጋ።»

ሰላም ነው፣ ከብቱ ሰላም ነው፣ ውሃው ሰላም ነው ማለታቸው ነው። ቦረና ተጠይቆ በመጀመሪያ ሌላ መልስ አይመልስም። ልጁን ቀብሮ የሚመለስ ሰው እንኳ መንገድ ላይ ሲጠየቅ ቤቱም፣ ሚስቱም፣ ልጆቹም ሰላም መሆናቸውን ተራ በተራ ይናገራል። መርዶው የሚመጣው ሰላሙ ከተዳረሰ በኋላ ነው። ክፉ ነገርን አስቀድሞ በአፍ ማስገባት ክፋቱን መጥራት ነው ይባላል። ሽማግሌው ገና በሩን ማንኳኳታቸው ነበር።

ይህን ከክፍሉ ውስጥ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፣ ጃታኒ። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃው ነበር። ይኼ ሰላምታ ነው፣ ነገሩ ከዚህ በኋላ ነው፣ ይጠብቁ ማለት ብቻ። ዓረፍተ ነገሩ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶም ነበር። ግን ዋና ጸሐፊውን አየ። ዋና ጸሐፊው ፈገግ ብሏል። ጃታኒ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ በዚያ በሠለጠነ አማርኛው፣ «ሰላም ነው ይላሉ። ከብቱም ሰላም ነው፣ ውሃውም ሰላም ነው» አለ። ቃል በቃል ነው፤ ማንም አጎደለ አይለውም።

ዋና ጸሐፊው ወዲያው ተነስቶ ግሩም ነው፣ ሻይ ቀርቧል አለ። ጉግሳም ቴፑን አቆመ። አባ ዋሪዮ አፋቸውን ከፍተው፣ የልባቸውን ሊናገሩ ገና ትንፋሽ እየወሰዱ ነበር። ውጭ ሲወጡ የቀረውን መቼ ነው የሚጠይቁኝ ብለው ጃታኒን ጠየቁት። ኋላ ነው አባ አላቸው። እስከ እሑድ ነጌሌ ዘመድ ቤት ሰንብተው ሬዲዮውን ሊሰሙ ወሰኑ፣ ደስ ብሏቸው።

ያን ቀን ጃታኒ ቤቱ ገብቶ ያሰላ ጀመር። እሑድ ያ ድምፅ ከወጣ፣ አገር ሁሉ የቆላው ከብት ደህና ነው ብሎ ይተኛል። እህል ሊልክ ያሰበ ቢኖር እንኳ እጁን ይሰበስባል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሚስቱ ጉያቱ ፊቱን አይታ ስታፋጥጠው ሁሉንም ነገራት። ወንድሞቿ አሬሮ ናቸው። ትጮኻለች ብሎ ጠብቆ ነበር፤ አልጮኸችም። እህሉን እያበጠረች፣ ቀና ሳትል፣ «አፍህን አከራይተህ ነው እንጂ ሸጠኸው ነው እንዴ?» አለችው።

ከዚህ በኋላ ቤት መቀመጥ አልቻለም። ጉግሳ ከነጌሌ ወደ ያቤሎ እንደሚያልፍና እዚያ ሁለት ቀን እንደሚሰነብት ሰምቷል። ረቡዕ ጠዋት ጉያቱ ታሟል ብላ ጽሕፈት ቤት ሄደች፤ ታማሚው ግን በጨው ጭነት መኪና ላይ፣ ጆንያ መሀል ተቀምጦ አቧራ እየበላ ነበር። ከኋላው የሚመጣውን መኪና ሁሉ የጽሕፈት ቤቱ ላንድሮቨር እየመሰለው ሻሹን ፊቱ ላይ ይጠመጥማል። አንድ ጊዜ ጎማ ተንፍሶ ግማሽ ቀን ሲቆሙ፣ ልመለስ ይሆን ብሎ በነጌሌ አቅጣጫ ጥቂት ርምጃ ተራምዶ ነበር። የመለሰው መንገድ ዳር የወደቀ የከብት ሬሳ ነው፤ ያውም አንድ አልነበረም። ጥንብ አንሳ እንኳ ጠግቦ ትቶታል። መቁጠር ጀምሮ ተወው።

ሐሙስ ጠዋት ያቤሎ ደረሰ። ጉግሳን ያገኘው ሆቴል በር ላይ ዕቃውን ሲሸክፍ ነው። ጃታኒ የሽማግሌውን ሰላምታና ያልተነገረውን ነገር በአንድ ትንፋሽ አስረዳው። ጉግሳ ወጣት ይሁን እንጂ ሞኝ አልነበረም፤ ከአሬሮ ወዲህ ያለውን መንገድ እሱም አይቷል። ቴፑን መልሶ አወጣና ማይክሮፎኑን ሰጠው። ጃታኒ እንደ ልማዱ፣ «ሽማግሌው እንደሚሉት...» ብሎ ሲጀምር ጉግሳ አቆመው።

«ሽማግሌው እዚህ የሉም፣ አቶ ጃታኒ። ይኼ የርስዎ ቃል ነው። ስምዎንና ሥራዎን ይናገሩ፤ ያለዚያ አይሆንም።»

ጃታኒ ማይክሮፎኑን ወደ አፉ አስጠጋ። አሥራ ሰባት ዓመት የተናገረው ሁሉ የሌላ ሰው ነበር፤ ቢያስቀጣም ባለቃሉን ነው። የአምስት ልጆቹ ፊት አንድ በአንድ መጣበት። ከዚያ ስሙን ተናገረ፣ ሥራውን ተናገረ፣ ስለ ዘጠኙ ላሞች፣ ዘፈን ስለጠፋበት ኤላ፣ መንገድ ላይ መቁጠር ስላቃተው ሬሳ ተናገረ። ጉግሳ ይተላለፋል ብሎ ቃል አልገባለትም፤ አዲስ አበባም ቀድመው የሚሰሙ ጆሮዎች አሉ አለው።

ከዚያ እስከ እሑድ ያለውን ቀን እንዴት እንደገፋው እሱ ነው የሚያውቀው። ባይተላለፍ ከብቱንና ሰውን ገደልኩ ይላል፤ ቢተላለፍ ራሴን ገደልኩ ይላል። ሁለቱንም ባንድ ጊዜ ይፈራል፤ ፍርሃት ደግሞ ተራ አይጠብቅም።

እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ እሱ ወደ ነጌሌ ተመልሶ፣ የነጋዴው የዓብዱልወሃብ ሱቅ ጢም ብሎ ሞላ። ሬዲዮው የስኳር ጆንያ ላይ ተቀምጧል። አባ ዋሪዮ ፊት ለፊት ወንበር ተሰጥቷቸዋል። ሙዚቃው አልቆ የሽማግሌው «ናጋ» ሲሰማ ሰው ሁሉ ወደሳቸው ዞሮ ሳቀ፤ እሳቸውም እንደ ልጅ አፈሩ። ቀጥሎ የጃታኒ «ሰላም ነው» ተሰማ። ከዚያ ዝምታ ሆነ። ጃታኒ በቃ፣ አለቀ አለ በልቡ፤ እውነቱን ለመናገር፣ ትንሽ ቀለል ብሎትም ነበር። ወዲያው ግን የጉግሳ ድምፅ መጣ፤ ይሁን እንጂ አስተርጓሚው ኋላ ያቤሎ ድረስ መጥተው የሚከተለውን ነግረውናል አለ። የጃታኒ ስም፣ የጃታኒ ሥራ፣ የጃታኒ ቃል ሱቁን ሞላው። የሳቀ አልነበረም። አባ ዋሪዮ ወሬው ሲተረጎምላቸው በትራቸውን ጨብጠው መሬት መሬት ያያሉ። ዓብዱልወሃብ ሬዲዮውን ሲዘጋ ሰው አንድ በአንድ ሹልክ እያለ ወጣ። ከጃታኒ አጠገብ መቆም የሚያስጠይቅ ሆኗል።

የፈሩት ይደርሳል፤ ሰኞ ጠዋት ተጠራ። ዋና ጸሐፊው አልጮኸበትም፤ ቢጮኽ ይሻል ነበር። ሽማግሌው ሰላም አሉ፣ አንተ ሞት አልክ፤ ከሁለታችሁ አንዱ ዋሽቷል፤ በሬዲዮ የሐሰት ወሬ የነዛ ደግሞ ቦታው የታወቀ ነው አለው። ስለዚህ ሽማግሌውን አሁን በፊትህ እጠይቃቸዋለሁ፣ የሚያስተረጉመው ፖሊሱ አብዱባ ነው፣ አንተ ትንፍሽ ብትል ወህኒ ነህ ሲል ጨመረ።

አባ ዋሪዮ ገቡ። ጃታኒ ማዕዘን ላይ ቆሟል። የሚሆነውን ያውቀዋል። ዋና ጸሐፊው ጥያቄውን ይጠይቃል፣ ሽማግሌው እንደ አባቶቻቸው ይመልሳሉ፣ ዋና ጸሐፊው መልሱን ያስጽፋል፣ ነገሩ ያበቃል። ሽማግሌውን እንዲህ አይመልሱ ብሎ ሊለምን የሚችል የለም። ሰማንያ ዓመት ያለ ሌላ መልስ የኖረ አፍ ነው።

ዋና ጸሐፊው የከብቱና የውሃው ሁኔታ እንዴት ነው አለ። አብዱባ እሱም የቦረና ልጅ ነውና በወጉ ጠየቃቸው፤ «ሎን ናጋ? ቢሻን ናጋ?»

አባ ዋሪዮ ዝም አሉ። አብዱባ ደገመው። ዝም አሉ። ሦስተኛ ሲጠይቃቸው ሽማግሌው ወደ ጃታኒ አንድ ጊዜ አይተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ «ናጋን ሂንጂሩ» አሉ።

አብዱባ ወደ ኋላ ሸሸ። ምን አሉ ተባለ። «ጌታዬ፣ ይኼን እኔ በአፌ አልደግመውም» አለ። ዋና ጸሐፊው ግራ ተጋብቶ፣ ሳይወድ ወደ ማዕዘኑ ዞሮ አንተ ተናገር አለ።

«ሰላም የለም ነው ያሉት» አለ ጃታኒ። ሽማግሌው ዓይናቸውን እንደጨፈኑ የቀረውን ተናገሩ፤ ጃታኒ ሲተረጉም ቃል ተቀባዩ ጻፈ። ወረቀት ላይ ከሰፈረ፣ ያውም ሬዲዮ ካወራው በኋላ፣ መልሶ መደበቅ ለዋና ጸሐፊውም አልተመቸውም። ጃታኒን አላሰረውም። በዚያው ቀን ከሥራ አሰናበተው።

ውጭ በረንዳው ላይ አባ ዋሪዮ ተቀምጠው አገኛቸው። ከንፈራቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጋሉ፤ ደጋግመው ይጠርጋሉ። ጃታኒ እግራቸው ሥር ተንበርክኮ አዳኑኝ እኮ፣ አባ፣ አዳኑኝ አለ። ሽማግሌው ምስጋናውን አልተቀበሉትም። አልተቆጡትምም፤ ለጃታኒ ይኼ ነው የከበደው።

«ማክሰኞ ዕለት አንተ አንዲት ቃል ብትናገር፣ ዛሬ እኔ ይኼን በአፌ አላስገባም ነበር፣ ልጄ» አሉ። «አሁን አገሬ ገብቼ ሽማግሌዎቹን ሰብስቤ ይመርቁኝ፣ ያነጹኝ እላለሁ። እነሱም ለምን እንዲያ አልክ ይሉኛል። መልሱ የኔ አይደለም። አብረኸኝ ትሄዳለህ፣ አንተው ትናገራለህ።»

ጃታኒን ዋና ጸሐፊውን ያን ያህል መፍራቱ አሁን ገረመው። አሬሮ፣ ከብቱ ባለቀበት ሜዳ፣ የጉያቱ ወንድሞች ባሉበት፣ የሽማግሌ ጉባኤ መሀል ቆሞ፣ ፈገግ ያለ አንድ ሰው አይቼ ዝም አልኩ ሊል ነው። ለዚህ አስተርጓሚ የለውም። እሺ አባ አለና፣ ለረጅም መንገድ የሚሆን ጫማ ሊፈልግ ወደ ቤቱ ሄደ።