ለእትዬ በለጡ ያልወረደው ሙሾ

ልጅ ሳለሁ ተብታባ ነበርኩ። ስሜን ስጠየቅ ከመጀመሪያው ፊደል ጋር ስታገል ጠያቂዬ ሰልችቶት ይሄድ ነበር። ጎባ ያኔ ሁሉም ሁሉን የሚያውቅባት ከተማ ስለነበረች የሠፈሩ ልጆች አነጋገሬን እየቀዱ ይስቁብኛል። ማንም የማይስቅብኝ አንድ ቤት ብቻ ነበር፤ የእትዬ በለጡ ቤት።

እትዬ በለጡ አልቃሽ ነበሩ። ከጎባ እስከ ሮቤ ሰው ሲሞት ይጠራሉ፤ የሟቹን ደግነት፣ ሙያውን፣ ሳያሳድግ ትቶት የሄደውን ልጅ በግጥም ሲያወርዱት እንባ የለውም የሚባለው ሰው ሳይቀር ሆድ ይብሰዋል። ሰዉ ለቅሶ ሲደርስበት ይፈልጋቸዋል፣ በደህና ቀን ግን ደጃፋቸውን ሸሽቶ ያልፋል። ሞት አብሯቸው የሚዞር ይመስለው ነበር። እኛ ልጆች ይህን ከቁም ነገር አንቆጥረውም። ደጋው ጉም ለብሶ ሲመሻሽ፣ የአስታው እንጨት ጭስ ዓይናችንን እያቃጠለ፣ ኩራዟን ከብበን የገብስ ቆሎ እየቆረጠምን ተረታቸውን እንሰማለን። ተረታቸው ሁሉ መሐሉ ላይ ዜማ ነበረው። ጅብ የወሰዳት ልጅ እናቷን ስትጣራ እሳቸው ያወጣሉ፣ እኛ እንቀበላለን።

አንድ ምሽት ተረቱን አቋርጠው አዩኝ።

«አንቺ፣ ስታዜሚ እኮ አይዝሽም» አሉ።

እውነትም አልያዘኝም ነበር። ከዚያ ወዲያ ሌሎቹ ወደየቤታቸው ሲሄዱ እኔን ትንሽ ያቆዩኝ ጀመር። «ቃሉን አትግፊው። መጀመሪያ ትንፋሽሽን ውሰጂ፣ ከዚያ ራሱ ይሄዳል» ይሉኛል። የሚያውቁት የሙሾ ዜማ ስለሆነ ያስተማሩኝም በእሱ ነው፤ ውሃ ጠማኝ ማለትን እንኳ በሙሾ ተማርኩ። አንዴ እየሳቁ፣ «እኔ ልጅ የለኝ፤ ስሞት ማን ያወርድልኛል?» አሉ። «እ... እኔ» አልኩ። ሳቃቸውን አቆሙና ግንባሬን ሳሙኝ።

በዚያው ሰሞን አባቴ ታመው ተኙ። ስጋት ላይ ነበርን። ከትምህርት ቤት መልስ አልጋቸው አጠገብ ቆሜ፣ ትንፋሼን ወስጄ፣ ባወቅሁት ብቸኛ ዜማ «አባባ፣ እንዴት ዋሉ? ተሻለዎት ወይ?» አልኩ። እናቴ በጥፊ አጮለችኝ።

«በሽተኛ ራስጌ ሙሾ! ልትገድይብኝ ነው?»

አባቴ ግን ቀና ለማለት እየታገሉ፣ «ተያት፤ ሙሉ ቃል ተናገረች እኮ» ብለው አለቀሱ። አባቴ ዳኑ። እናቴ ግን እዚያ ቤት ዳግመኛ እንዳልደርስ በማርያም አስማለችኝ።

ክረምቱ ሳይወጣ እትዬ በለጡ ሞቱ። ግቢያቸው ዝናብ እየወረደበት በሰው ሞላ፤ ሁሉም የእሳቸውን ድምፅ የሚጠብቅ ይመስል ዝም ብሎ ቆሟል። ጎረቤታቸው ጨው ነጋዴዋ አዴ ሐሊማ በመጨረሻ አልቻሉም። «ያ ረቢ! ይሄ ሁሉ ሰው ቆሞ አንድ አፍ ይጥፋ?» አሉ።

ግጥሜን ግን አዘጋጅቼ ነበር፦

«ሲያለቅሱ ኖረው ለጎረቤት ሁሉ፣
የራስዎን ለቅሶ ለማን አደራ አሉ?»

ትንፋሼንም ወስጄ ነበር። እናቴ አየችኝ። እጄን እንኳ አልያዘችም፣ አየችኝ ብቻ። ያ ሁሉ ሰው ዞሮ የአልቃሽ ደቀ መዝሙር ሊለኝ መሆኑ ታየኝና አፈርኩ። ትንፋሼን መልሼ ዋጥኩት። አስከሬናቸው አንድ ስንኝ ሳይወርድለት ከቤት ወጣ።

አድጌ አስተማሪ ሆንኩ። ክፍል ገብቼ «እንደምን አደራችሁ» ከማለቴ በፊት ትንፋሽ ስወስድ ተማሪዎቼ ልማድ ይመስላቸው ነበር። አንደበቷ የተባረከ ነው ይሉኛል ሰዎች፤ ከማን እንዳገኘሁት ሲጠይቁኝ ለብዙ ዘመን ወሬ እቀይር ነበር። እግዜር ይስጥልኝ ያላልኳቸው አንድ ሰው እሳቸው ናቸው፤ የእንጀራዬ ምንጭ ግን የእሳቸው ዜማ ነው። ክረምት ሲገባ ያቺን ስንኝ ብቻዬን አወርዳታለሁ፤ ቃሏ አንድም ቀን አይዘኝም።

ያን ዕለት ዝም ያልኩት ምላሴ ተይዞ ቢሆን ኖሮ ራሴን ይቅር እል ነበር። ምላሴ ግን አልተያዘም።