የፕሮሰሰሩ ስህተት ለባለቤቱ እንዲነገር ያደረገችው ፔዪን

ቱ ፔዪን ሺንዡ ከተማ ውስጥ ሰርቨር የሚባሉ ትልልቅ ኮምፒውተሮችን በሚያከራይ ድርጅት ትሠራለች። ባሏ ሥራዋን ሲጠየቅ «ኮምፒውተር ውስጥ ኮምፒውተር ታኖራለች» ብሎ ይገላገላል። አልተሳሳተም። አንዱ ትልቅ ሰርቨር ለብዙ ደንበኞች ይከፋፈላል፤ በውስጡ ያለው እያንዳንዱ ምናባዊ ኮምፒውተርም ፕሮሰሰሩ፣ ማለትም የሚያሰላው አንጎል፣ የብቻው ይመስለዋል። ከበላያቸው ሆኖ የሚያስተዳድራቸው ፕሮግራም በፔዪን እጅ ነው።

ቱና የሚባለው ትልቅ ዓሣ በሚጠመድበት ወቅት፣ ደንበኛቸው ከሆነው ከወደብ ከተማዋ ከዶንግጋንግ የዓሣ ጨረታ ማኅበር ስልክ ተደወለ። የአንድ ጠዋት የክብደት መዝገብ ተዛብቶ፣ የትንሹ ዓሣ ኪሎ ከትልቁ በልጦ ተገኝቷል። የማኅበሩ ኃላፊ አቶ ሆንግ የፈለጉት የቀደመው የመዝገቡ ቅጂ እንዲመለስላቸው ብቻ ነበር። ጥፋቱ የጸሐፊያቸው የዩንሺያ ነው፣ ከሥራም አግደናታል አሉ።

ፔዪን ቅጂውን መልሳ ዝም ማለት ትችል ነበር። ነገሩ ግን ከነከናትና ሰርቨሩን መረመረች። ለካ በዚያ ጠዋት ፕሮሰሰሩ ተሳስቶ ኖሯል። ስህተቱን ለአስተዳዳሪው ፕሮግራም አሳውቋል፤ ፕሮግራሙ ግን ለራሱ ይዞ ቀረ። የማኅበሩ ምናባዊ ኮምፒውተር ወሬው ስላልደረሰው የተበላሸውን ቁጥር እንደ ደህና ይዞ ሥራውን ቀጥሏል።

አለቃዋ ጻይ ይህን ሲሰማ ራሱን አከከ። «ፔዪን እህቴ፣ ያልሰማ ደንበኛ አይደነግጥም። ፕሮሰሰሩን ቀይረን እንለፈው።»

«ሴትዮዋስ? እሷንም እንለፋት?»

ጻይ ክፉ ሰው አይደለም። «በይ ሂጂና ንገሪያቸው፤ ስድቡን ግን አንቺው ትጠጪዋለሽ» አላት።

በባቡር ወደ ዶንግጋንግ ወረደች። አቶ ሆንግ አልተሳደቡም፤ አንገታቸውን ደፍተው ሰሟትና ዩንሺያን አስጠሩ። ዩንሺያ አዲስ መነጽር አድርጋ መጣች።

«እኔ እኮ ዓይኔን ጠርጥሬ ነው ይሄን የገዛሁት» አለች፤ ከዚያ እየሳቀች እንባዋን ጠረገች። አቶ ሆንግ ይቅርታ ማለት ስለሚከብዳቸው፣ ዩንሺያን ወደ ሥራዋ መልሰው ከቱናው ሆድ ምርጡን ራሳቸው ቆርጠው ለሁለቱም አቀረቡ።

ፔዪን ስትመለስ አስተዳዳሪውን ፕሮግራም ማስተካከል ጀመረች። ፕሮሰሰሩ ሲሳሳት ፕሮግራሟ የተጎዳው የማን ኮምፒውተር እንደሆነ ለይቶ፣ ለዚያው ብቻ ገብቶት በሚሰማው መንገድ እንዲነግረው ፈለገች። በዚያው ሰርቨር ያሉት ጎረቤቶቹ መረበሽ የለባቸውም። ይህ አላልቅ ብሎ አስቸገራት፤ ለሙከራ የምታስነሣቸው ኮምፒውተሮች አብረው ይወድቁባት ነበር። ጻይ በበሯ ሲያልፍ «ዛሬስ ስንት ገደልሽ?» ይላታል።

ሥራው አልቆ በቀጣዩ የቱና ወቅት አንድ ፕሮሰሰር በእውነት ተሳሳተ። የማኅበሩ ኮምፒውተር ወዲያው ሰማና የሚዛኑን ፕሮግራም ብቻ አቁሞ እንደገና አስነሣው። አንድ ብርጭቆ ሻይ ተጠጥቶ ሳያልቅ ጨረታው ቀጠለ፤ ሌሎቹ ደንበኞች ምንም አላወቁም።

የደወለችው ዩንሺያ ነበረች። «እህቴ፣ ኮምፒውተሩ ስህተቱ የፕሮሰሰሩ ነው ብሎ ጻፈልኝ። ጮክ ብዬ ለሁሉም አነበብኩላቸው።»

«አቶ ሆንግስ ምን አሉ?»

«ድገሚው አሉኝ።»

ፔዪን ስትስቅ ጻይ ከሩቅ ሰማት። ፕሮሰሰሩ እንዲቀየር አዘዘችና አብረው ምሳ ወረዱ፤ ኑድሏንም እስከ መረቁ ጨረሰችው።