ባለቤቴ ከጦርነት የተመለሰበት ክረምት

ባለቤቴ ለዘመቻ ተጠርቶ ወደ ግንባር ሲሄድ አሶሳ ውስጥ የነበረችንን ትንሽ ብየዳ ቤት ቁልፍ እጄ ላይ ጥሎልኝ ሄደ። "ዝጊያት፤ ስመለስ እከፍታታለሁ" አለኝ። ሁለት ወር ያህል ዘጋኋት። ከዚያ የሦስት ዓመት ልጃችን ጫማ አለቀ፣ ዱቄቱም አለቀ። ለዓመታት ምሳ ሳመላልስለት ያየሁትን ሥራ ልሞክረው ብዬ ከፈትኳት።

መጀመሪያ የሠራሁት መስኮት ጠማማ ነበር። ዓይኔን ብልጭታው አቃጥሎት ሁለት ቀን ድንች ቆራርጬ ለጥፌበት ተኛሁ። ሥራ ግን አልጠፋም። በዚያን ጊዜ ከመተከል በኩል የተፈናቀሉ ሰዎች ወደ ከተማው ይመጡ ነበር፤ ያዩትን ሲያወሩ እኛም ፈራን። ድሮ የቀርከሃ በሩን በገመድ አስሮ ገበያ የሚውለው ሰው ሁሉ አሁን ከውስጥ በሁለት መቀርቀሪያ የሚዘጋ የላሜራ በር አማረው። ጎረቤቴ አንዲት የበርታ እናት ናቸው፤ አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይም። "ቢንቲ፣ ልጄ፣ ለኔም በር ሥራልኝ። ጠንካራ አድርግ" አሉኝ። በእኛና በእሳቸው ቤት መካከል እስከዚያ ቀን ድረስ አጥር እንኳ አልነበረም።

ባለቤቴ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በሰኔ ተመለሰ። ዳሌው ውስጥ ፍንጣሪ ቀርቶ ነበር፤ ግራ ጆሮው አይሰማም። ጎረቤቱ በእልልታ ተቀበለው፣ በግ ታረደ። ልጃችን ግን አላወቀችውምና ቀሚሴ ውስጥ ተሸጎጠች። እሱም ዘርግቶላት የነበረውን እጁን ሰበሰበ።

በሳምንቱ ብየዳ ቤት መጣ። የብረት መቁረጫውን ግራይንደር ብረት ላይ ሳስነካው ከጩኸቱ የተነሳ በደረቱ መሬት ላይ ተደፋ። ደንበኞቹ ሳቁ። አንደኛው እጁን ይዞ እያነሳው፣ "አይዞህ ወንድሜ፣ የኛ አለቃ ጥይት አትተኩስም" አለው። አለቃ ያለው እኔን ነበር። ባለቤቴ ልብሱን አራገፈና አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

ምሳ ላይ፣ "ከነገ ጀምሮ እቤትሽ ትውያለሽ" አለኝ።

"አብረን እንሥራ። አንተ ብረቱን ለካ፣ ቁረጥ፤ እኔ ልበይድ።"

"የገዛ ሥራዬን ልታካፍዪኝ ነው?"

"ሁለት ዓመት ሙሉ ይህችን ልጅ ማን አበላት?"

ሳህኑን ከነወጡ ፊቴ ላይ ወረወረው። ቅንድቤ ተሰነጠቀ፤ ደሙና ወጡ አንድ ላይ ዓይኔ ውስጥ ገባ።

ከዚያ ወዲህ ለዱላ ምክንያት አላጣም። ሻይ ቀዘቀዘ፣ ስልክ ጮኸ፣ ልጅ አስነጠሰች። ከሁሉ የከፋው ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ነበር፤ ያ ክረምት ደግሞ አያባራም ነበር። አንድ ጠዋት በቱቦላሬ ብረት ቁራጭ ግራ ክንዴን መታኝ። አጥንቴ ሲሰበር በጆሮዬ ሰማሁት። ልጄ አልጋ ሥር ገብታ ትጮህ ነበር። ጎረቤቴ ሮጠው ገቡና መካከላችን ቆሙ። "ምታኝ! እኔ አሮጊት ነው፣ እኔን ምታኝ!" አሉት። ብረቱን ጥሎ ወጣ።

ሦስት ሽማግሌዎች ተቀመጡልን፤ ከአባቴ ጋር በደርግ ጊዜ በሰፈራ ከወሎ የመጡ ናቸው። ትልቁ፣ "ልጄ፣ ቻዪው። የመታሽ ጦርነቱ ነው እንጂ እሱ አይደለም" አሉኝ።

"እንግዲያው አባባ፣ ጦርነቱን ከቤቴ ያስወጡልኝ" አልኳቸው።

እሱን ሁለተኛ እንዳይመታኝ አስማሉት፤ ሁለታችንንም ጉልበታቸውን አሳሙን። ታረቁ ተባለ።

ክንዴ ሲድን ብየዳ ቤቷን መልሼ ከፈትኩ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በር እየበየድኩ ሳለ ባለቤቴ ከኋላዬ መጣ። ፊቴን በብየዳ ጭንብሉ ሸፍኜ ስለነበር አላየሁትም። ፀጉሬን ይዞ ጎተተኝ። የጋለው የብየዳ ዘንግ፣ ኤሌክትሮዱ፣ እጄ ላይ ነበር፤ ዞሬ አንገቱ ላይ ተከልኩት። ሳላስብ ነው ብል ውሸት ነው። አስቤ ነው። የተቃጠለ ሥጋው ሸተተኝ። "ኧረ እናቴ!" ብሎ ጮኸ፤ እኔ ግን እጄን አላነሳሁም። ሰዎች ያላቀቁን ጣቶቼን አንድ በአንድ ፈልቅቀው ነው።

ፖሊስ ጣቢያ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጡን። "ማን ነው ከሳሹ?" አለ ተረኛው። ባለቤቴ በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ አንገቱን ይዞ፣ "እኔ አልከሳትም። እዚያ ቤት ከተመለስኩ ግን ከሁለት አንዳችን እንሞታለን" አለ። ከግንባር ከመጣ ጀምሮ በረጋ ድምፅ ሲናገር የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እኔም በእሺታ ራሴን ነቀነቅኩ።

ተፋታን። ብየዳ ቤቷ ለእኔ ቀረች፤ እሱ ማንኩሽ ከተማ ዘመዶቹ ዘንድ ሄደ፤ ጥበቃ ተቀጥሯል ይላሉ። ለልጁ ይደውላል። እኔ ስልኩን ሰጥቻት ወደ ጓሮ እወጣለሁ። ያ ሁሉ ሆኖ፣ መሄዱ እፎይ አላሰኘኝም። ለወራት በር በተንኳኳ ቁጥር መዶሻ አነሳ ነበር።

ባለፈው ዓመት ከልጄ ትምህርት ቤት ተጠራሁ። የክፍል ጓደኛዋን በእንጨት ማስመሪያ መትታ ጥርሷን አውልቃለች።

"ለምን?" አልኳት።

"ቦታዬ ላይ ተቀመጠች።"

መምህሩ ፊት በጥፊ መታኋት። አላለቀሰችም። ጉንጯን ይዛ ቀና ብላ አየችኝና፣ "አሁን አንቺም ትሄጃለሽ?" አለችኝ።

እዚያው የተማሪ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። "አልሄድም" አልኳት፤ "ግን ሁለተኛ አልመታሽም።" እሷም እንዳትመታ ቃል እንድትገባ ጠየቅኳት። ትንሽ አሰበችና፣ "እሞክራለሁ" አለች። ከዚያ እጅ ለእጅ ተያይዘን ጥርሷ ወደወለቀባት ልጅ ቤት ይቅርታ ልንጠይቅ ሄድን።