ጀልባዋና የፍራሽ ሰሪው አማት

ሰፈሩ «ጥጤ» ይለዋል። ፍራሽ ይሠራል፤ አባቱም ፍራሽ ሰሪ ነበሩ። የትም ቢሄድ ወንበሩን በመዳፉ ጫን አድርጎ ሳያይ አይቀመጥም። ሐኪም ቤትም ያው ነው። ሚስቱን ለትዳር ሊጠይቅ እናቷ ቤት የሄደ ቀን የአማቱን ሶፋ ተጭኖ «ይኼ ሞቷል» አለ። ልጅቷን ሰጡት። ሶፋውን ግን እስከ ዛሬ አልረሱለትም።

የሚበቀሉት በወሬ ነው። «በልጄ ባል ፍራሽ ላይ ዓይኔ ተከድኖ አያውቅም» ይላሉ። ጸጉር ቤት ይላሉ፣ ፋርማሲ ይላሉ፣ ታክሲ ውስጥ ለማያውቁት ሰው ይላሉ። ጥጤ መርፌውን ይሰካል። ክሩን ይጎትታል።

ወሬው አንዲት የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ጆሮ ሲደርስ ነው ነገር የተበላሸው። ሴትዮዋ የክፍሎቿን ፍራሽ በሙሉ ልትቀይር ነው። ሥራውን ወይ ለጥጤ ትሰጣለች፣ ወይ ከከተማው ዳር ላለው ፋብሪካ። ደወለች።

«ድረ ገጽህን ከፈትኩት፤ ጀልባ ነው ያለው። ደግሞ አማትህ ጸጉር ቤት ያሉትን ሰምቻለሁ። የገዛ አማትህ ያልተኙበትን ፍራሽ እንግዶቼ እንዴት ብለው ይተኙበታል? ለማንኛውም ሐሙስ መጥቼ አያለሁ።»

ጥጤ ስልኩን ዘግቶ ለሚስቱ ነገራት። ይህ ሥራ ካመለጠ ሱቁን ዘግቶ እዚያው ፋብሪካ ይቀጠራል። እዚያ በእጁ የሚሰፋ ሰው አይፈልጉም። ካርቶን ያሸክሙታል።

ድረ ገጹን የሠራችው ሚስቱ ናት። የትምህርት ቤት ጸሐፊ ስለሆነች ኮምፒውተር ታውቃለች። የተዘጋጀ ዲዛይን ከኢንተርኔት አውርዳ ስልክና አድራሻ ጻፈችበት። ዲዛይኑ ከነፎቶዎቹ ነው የመጣው። ገጹ አናት ላይ አንዴ ሐይቅ ላይ የቆመች ጀልባ ትወጣለች፣ አንዴ ጫካ ውስጥ የሚያልፍ መንገድ። በተከፈተ ቁጥር ኮምፒውተሩ ደስ ያለውን ያወጣል። «ያምራሉ፣ ይቆዩ» ብላ ተወቻቸው። ከዚያ ወዲህ አንድ ሰውዬ ይደውላል።

«ጀልባዋ የምትከራየው በሰዓት ነው በቀን?»

«ፍራሽ ቤት ነው፣ ጌታዬ።»

«ፍራሹ ጀልባዋ ውስጥ ነው?»

ፎቶ መቀየር ቀላል መስሏቸው ነበር። የፎቶው ቦታ ግን እንደ ቀበቶ ረጅምና ጠባብ ነው፤ ከላይና ከታች የተረፈውን ይቆርጣል። ሠራተኞቹ ሱቁ በር ላይ ተሰልፈው የተነሡትን ሲያስገቡት ከሰው ሁሉ ሆድ ብቻ ቀረ።

«ምንድን ነው የምትሸጡት? ቦርጭ?» አሉ አማቱ።

የጥጤን ፎቶ ብቻውን ሞከሩ። ሪዙ ብቻ ወጣ። ልክ ገባ፤ ግን ብሩሽ የሚሸጥ ቤት መሰለ።

ማክሰኞ ከምሳ በኋላ አማቱ እንደ ልማዳቸው ሱቅ መጡ። «ሥራችሁን ልቆጣጠር» ብለው ይመጣሉ፤ ከዚያ «ወገቤን ላሳርፍ» ብለው በሩ አጠገብ ያለው ፍራሽ ላይ ጋደም ይላሉ። ጋደም አሉ። ብዙም ሳይቆዩ ማንኮራፋት ጀመሩ። ጥጤ ከመርፌው ቀና ብሎ አያቸው። ረጅም። ጠባብ። የሚቆረጥ ነገር የላቸውም።

ስልኩን አወጣ።

«እማዬ ካየችው አገር ጥለን ነው የምንጠፋው» አለች ሚስቱ ማታ። እየሳቀች አስገባችው። ከሳቋ ብዛት ጀልባዋንና ጫካውን ማጥፋት ረሳች።

ሐሙስ ጠዋት ሚስቱ ፈቃድ ወስዳ ሱቁን ስትጠርግ አማቱ ገቡ። ቦርሳቸውን ጠረጴዛው ላይ ጣሉት።

«ጸጉር ሠሪዋ ኮምፒውተር ላይ ተኝተው አየሁዎት አለችኝ። ክፈተው!»

ጥጤ ከፈተው። ጀልባ።

«ይኸው እማማ፣ ጀልባ ነው።»

«እሷ ዋሽታ ነው? ድገመው።»

ጫካ።

«የት ነው ያለሁት? ዛፍ ሥር?»

«የሉም እኮ።»

«ድገመው ብዬሃለሁ!»

ጥጤ ጀልባዋ እንድትወጣ እየተማጠነ ተጫነው። አማቱ ወጡ፤ ከዳር እስከ ዳር፣ አፋቸውን ከፍተው።

ሚስቱ መጥረጊያውን አቆመች።

«እያሰብኩ ነው» አሉ አማቱ።

«አፍሽን ከፍተሽ?» አለች ልጃቸው።

«ከባድ ሐሳብ ነበር።» ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ። «ይኼ ምንድን ነው? አውራ ጣቴ ነው?»

ነው። ካልሲያቸው ተቀዷል።

«አንተ ሰውዬ! የተቀደደ ካልሲዬን ለዓለም ታሳያለህ? ተኛች ይበሉኝ፣ እንዳልተኛሁ ፈጣሪ ያውቃል። ካልሲ የላትም ልባል?»

«አሁኑኑ አጠፋዋለሁ፣ እማማ።»

«ማን አጥፋ አለህ? እንደገና አንሣኝ። ነቅቼ።»

የልጃቸውን ካልሲ አስወልቀው አደረጉና ፍራሹ ላይ ተዘረጉ። ዓይናቸውን አፈጠጡ። ጥጤ ወንበር ላይ ወጣ። «አንገትዎን ትንሽ ቀና…»

«ዝም ብለህ አንሣ!»

ብርሃን አነሰው። ወርዶ መጋረጃውን ከፈተ። ሲመለስ ማንኮራፋቱ ተጀምሯል።

የእንግዳ ማረፊያዋ ባለቤት ያን ጊዜ ገባች። ጥጤ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። ሴትዮዋ ቆማ አየች።

«ዓይኔ ተከድኖ አያውቅም የሚሉት እኚህ ናቸው?» አለች በሹክሹክታ።

«እያሰቡ ነው።»

«ሲያስቡ ያንኮራፋሉ?»

«ሐሳቡ ሲከብድ።»

ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ ፍራሹን ጫን አደረገችው። አማቱ ተገላብጠው እጇን ያዙና ጉንጫቸው ሥር ከተቱት። ለመንጠቅ ሞከረች። አልለቀቁም። እንደጎበጠች ቀረች። ጥጤ ምን እንደሚያደርግ ጠፍቶት ፎቶ አነሣ።

«ተዋቸው፣ አትቀስቅሳቸው» አለች ሴትዮዋ፣ ወገቧ እያመማት። «ለሁሉም ክፍሎች እንዲህ የሚያሳስብ ሥራልኝ።»

አማቱ ሲነቁ ሴትዮዋ ሄዳለች።

«አነሣኸኝ?»

«አንሥቻለሁ።»

«ዓይኔ ተከፍቷል?»

ጥጤ ሚስቱን አየ።

«በከፊል» አለች ሚስቱ።

ዛሬ ገጹ ላይ ያለው ያ ፎቶ ነው። ጀልባዋም ጫካውም ጠፍተዋል። ካልሲው ደህና ነው፤ ከአማቱ ጉንጭ ሥር የወጣው ክንድ የማን እንደሆነ የሚጠይቅ አልታጣም። እሳቸው ጸጉር ቤት ሲጠየቁ ቃላቸውን አላጠፉም። «ዓይኔ ተከድኖ አያውቅም» ይላሉ። «ለማሰብ ግን ጥሩ ፍራሽ ነው።»