በጥቁሩ ደሴት ሥር

መጥለቅ ያስተማሩኝ ጎረቤቴ ናቸው፤ ፍራንክፈርት ከተማ፣ ሽቫንሃይም ሰፈር የሚኖሩ ጡረተኛ ኤርትራዊ። በወጣትነታቸው ምጽዋ ወደብ ላይ ከመርከብ ሆድ ሥር እየገቡ ይጠግኑ ነበር። እኔ እዚያው ከተማ ሳክሰንሃውሰን ሰፈር፣ አንድ ምግብ ቤት ወጥ ቤት ውስጥ እሠራለሁ። ጋሼ እላቸዋለሁ። ሁለት ክረምት ሙሉ መዋኛ ገንዳ ውስጥ ከሥር ቁጭ አድርገው መነጽሬን እያስወለቁ መልሼ እንዳጠልቅ አሠለጠኑኝ።

ባለፈው ዓመት "ገንዳ ባሕር አይደለም፣ ልጄ" አሉኝና አትላንቲክ መካከል ያለች አንዲት የእሳተ ገሞራ ደሴት ፎቶ አሳዩኝ። በማግስቱ ከሥራ ኡርላውብ፣ የዓመት ፈቃድ፣ ጠየቅሁ።

በኤስ-ባን ባቡር ወደ አየር ማረፊያ ስንሄድ፣ "ጋሼ፣ ሐኪሙ ጋ የነበረዎት ቴርሚን፣ ቀጠሮው፣ እንዴት ሆነ?" አልኳቸው። በእሳቸው ዕድሜ ያለ ሰው ያለ ሐኪም ወረቀት መጥለቅ አይፈቀድለትም።

"ሄጃለሁ" አሉ፣ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያዩ።

ሄደው ምን እንደተባሉ አልነገሩኝም። እኔም አልጠየቅሁም። ጉዞው እንዳይቀርብኝ ነው ዝም ያልኩት፤ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

ሁለት አውሮፕላን ቀይረን፣ ግማሽ ቀን በጀልባ ተንገላትተን ደረስን። ደሴቲቱ ከባሕሩ ቀጥ ብላ የወጣች ጥቁር ድንጋይ ናት። መሬቷ አንዳንድ ቦታ ከጫማ ሥር ይሞቃል፤ የክብሪት ሽታ አለው። ጠላቂዎችን በጀልባ የምትወስደው ሴት ወረቀት ስትጠይቀን ጋሼ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት ሰጧት። ማኅተሙን ብቻ አየችና መለሰችላቸው።

የመጀመሪያው ቀን መልካም ነበር። ከጥቁሩ አሸዋ ስንጥቅ ውስጥ ትንንሽ አረፋ እየተግተለተለ ይወጣል። ጋሼ እጄን ይዘው አረፋው ላይ አደረጉት፤ ለብ ያለ ነው። ከመነጽራቸው በስተጀርባ ሲስቁ አየኋቸው።

በሁለተኛው ቀን ማዕበል ነበር። የመልሕቁን ገመድ ይዘን ወረድን። አሥራ ስምንት ሜትር ላይ ጋሼ መቅዘፍ አቆሙና ገመዱን በሁለት እጃቸው ያዙ። ከዚያ መዳፋቸውን ዘርግተው ግራና ቀኝ አወዛወዙት፤ ደህና አይደለሁም ማለታቸው ነው። የአየር መለኪያቸውን ሳብ አድርጌ አየሁ። ከግማሽ በላይ አላቸው። ይሄኔ ነው የደነገጥኩት፤ አየሩ እያለ መተንፈስ አልቻሉም።

ድንገት ወደ ላይ ተፈናጠሩ። ማንገቻቸውን ለቀም አድርጌ ያዝኳቸው። ከዚያ ጥልቀት በፍጥነት የወጣ ሰው ሳንባው ሊፈነዳ ይችላል፤ ይህንንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ታገሉኝ። አልለቀቅኋቸውም። ገመዱን ይዘን ቀስ እያልን ወጣን፤ አንድ ዓይኔ ሰዓቴ ላይ፣ አንድ ዓይኔ እሳቸው ላይ።

ሰውነት ውስጥ የተጠራቀመው ጋዝ እንዲወጣ አምስት ሜትር ላይ ሦስት ደቂቃ መቆም አለ። "ይቺን የዘለለ ጠላቂ አይባልም" ይሉኝ ነበር። እዚያ ስንደርስ አሳላቸው፤ ከአፋቸው ዳር ሮዝ መልክ ያለው አረፋ ወጣ። ብዙ አልቆየንም ከታች፣ ብናልፈው ምን ይመጣል፣ ቢመጣስ ከዚህ ይብሳል? አልኩ ለራሴ። እንዲህ እያልኩ ይዣቸው ወጣሁ።

ጀልባዋ ላይ ሦስት ሰው ጎትቶ አወጣቸው። ከንፈራቸው ጠቁሮ ነበር። ኦክስጅን አደረጉላቸው። በትግርኛ አንድ ነገር ደጋግመው አሉ፤ አልገባኝም።

በደሴቲቱ ክሊኒክ ያለችው ሐኪም የባሕር ውሃ እንዳልጠጡ ነገረችኝ። በደም ግፊታቸው ምክንያት የገዛ ሰውነታቸው ፈሳሽ ነው ሳንባቸው ውስጥ የገባው። ከሰዓት በኋላ ፊታቸው መለስ ሲል አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

"ጋሼ፣ የፍራንክፈርቱ ሐኪም ምን ነበር ያሉዎት?"

"የደም ግፊትህ አልተስተካከለም፣ እንዳትጠልቅ አለኝ።"

"ታዲያ ወረቀቱ?"

"የድሮው ነው።"

"እዚያው እጄ ላይ ሊሞቱብኝ ነበር እኮ!" ጮህኩ። በሕይወቴ ትልቅ ሰው ላይ ጮሄ አላውቅም።

 "ገንዳው ውስጥ ደህና ነበርኩ፤ ሐኪሙ የተሳሳተ መሰለኝ" አሉ። ቀጥለውም ቀስ ብለው፣ "ለሴት ልጄ እንዳትነግሪያት።"

ስልካቸውን እጃቸው ላይ አስቀመጥኩት። "አንቱ ይንገሯት። አለዚያ እኔ እነግራታለሁ።"

በትግርኛ ነገሯት፤ እሷ በጀርመንኛ ትመልሳለች። መጨረሻ ላይ ስልኩን ወደ እኔ ዘረጉ።

"ታውቂ ነበር?" አለችኝ።

አላውቅም ማለት እችል ነበር። እውነትም አላውቅም ነበር። "ጠርጥሬ ነበር" አልኳት።

 ከዚያ የምንደርስበትን ሰዓት እንድልክላት ጠየቀችኝ።

ሐኪሟ ሳምንት ያህል እንዳይበሩ ከለከለቻቸው። ፍራንክፈርት ስንደርስ ልጃቸው መውጫው ላይ ቆማ ነበር። አባቷን አንገታቸውን አቅፋ ቆየች፤ ለእኔ እጇን ብቻ ሰጠችኝ። በመኪናዋ ወሰደችን። ቤት ስንደርስ ሻንጣውን ይዛ ቀደመች። ጋሼ ደረጃው ሥር ቆመው ወደ ላይ አዩ፤ ከዚያ ሊወጡ ክንዴን ያዙ።